ጋሼ ሮኬትን የቀባሁት እኔ ነኝ

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምትናፍቂኝ እህቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ያመመሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? በዚያ ሙቀት የሰው ቤት ደረጃ ስትወጪና ስትወርጂ ይታየኛል፤ ጉልበትሽን ጌታ ያበርታልሽ እላለሁ። እኛ፣ ስሙ ይመስገን፣ ደህና ነን። ልጅሽ ሄራንም ደህና ናት። ቁመቷ ደረቴ ደርሷል፤ ወልቀው የነበሩት የፊት ጥርሶቿ በቅለዋል፤ ያ ሳሏም ከመስቀል ወዲህ አልተመለሰባትም። ያከራዩን እማማ ገበያነሽ ሰላም በይልኝ ብለውኛል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቤተ ክርስቲያን የምወስዳቸው በባጃጅ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ስላንቺ ነው የሚጠይቁኝ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ኑሪያ ናት፤ የባለሱቁ የኢብራሂም ልጅ። እሷም እዚያው ኩዌት ነው የምትሠራው፤ ለእረፍት መጥታ ነበር፣ እሑድ ትመለሳለች። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ ትይኝ ይሆናል። በስልክ ስናወራ እኔ ጋ ሄራን አለች፣ አንቺ ጋ ማዳምሽ አለች። ደግሞም አንቺ ስታለቅሺ እኔ ዝም እላለሁ፤ ዝም ባልኩ ቁጥር ደግሞ የዋሸሁት ነገር ሥር ይሰዳል። ወረቀት ላይ ግን አታለቅሺብኝም፤ ብታለቅሺም አላይሽም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ባለፈው ሰኞ ስትደውዪ ሁለት ነገር አነሳሽ። አንደኛው፣ «ሄራን እየቀባች የምትልክልኝን ሥዕል ለምን አቆመች? ሁለት ወር ሆነው እኮ። ከለሯ አልቆ ከሆነ ልላክላት» ያልሽው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ እንኳ አልነበረም። «ኮንትራቴ ሚያዝያ ላይ ያልቃል፤ ከእንግዲህ በቃኝ። አዲስ አበባ ቤት እይዛለሁ፤ ልጄን እዚያ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤት መልቀቂያዋን አውጪና አዘጋጂልኝ፤ ሰው ልኬ አስወስዳታለሁ» አልሽኝ። እኔም እሺ አልኩሽ። መቼ እንቢ ብዬሽ አውቃለሁና። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያቺ እሺ ከጉሮሮዬ አልወርድ ብላ ሦስት ቀን አነቀችኝ። መልሴን አሁን እሰጥሻለሁ። የመጀመሪያውን ሳትሰሚ ሁለተኛው አይገባሽም።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ የላክሽበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ? ሁለት ዓመት ብለሽ የሄድሽው ሲሞላ፣ በራስሽ ፈንታ የላክሽው እሱን ነበር። ሄራን ያኔ አምስት ልትደፍን ነበር። ሽፋኑ ላይ የመስታወት ሄልሜት ያጠለቀ፣ ካባው ከኋላው የሚውለበለብ፣ በጠፈር ላይ የሚበር የካርቱን ጀግና አለ። ውስጡ በጥቁር መስመር ብቻ የተሣለ ነው፤ ፕላኔቱ፣ ኮከቡ፣ ሦስት ዓይን ያለው ፍጡር፣ ጭራው ሽቦ የሆነ ውሻ፣ ሁሉም ነጭ ሆነው ቀለም ይጠብቃሉ። ሄራን ገና ስታየው «ጋሼ ሮኬት» አለችው። ለምን ጋሼ አልሽው ስላት «ትልቅ ሰው ነዋ፤ ብቻውን ይሄዳል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ጨረቃን ቡናማ ቀባቻት፤ «አፈር ናት አላልሽኝም?» ብላ ተከራከረችኝ። ባለ ሦስት ዓይኑን ፍጡር ረጃጅም እግር ጨምራ እንደ ሐይቁ ዳር ወፎች አባ ኮዳ አደረገችውና «አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹን ሊለምን ነው የወረደው» አለች። የጋሼ ሮኬትን ፊት ሁልጊዜ ቡናማ ነው የምታደርገው፤ እንዳይለቅ አንዴ ቀብታ እንደገና ትደግመዋለች። በየገጹ ደግሞ አንዷን ፕላኔት መርጣ ቀይ ትቀባለች። ምን እንደሆነች ስጠይቃት «ኩዌት ናት። ጋሼ ሮኬት መጀመሪያ እነዚህን ሁሉ ያድንና፣ በመጨረሻ እዚህ ደርሶ እማን ይዟት ይመጣል» አለችኝ። በአውሮፕላን የሄድሽበት አገር ሰማይ ላይ ያለ ነበር የሚመስላት። እኔም አላረምኳትም። ሠላሳ ሁለቱንም ገጽ የቀባችው እሷ ናት። ይህን እወቂልኝ፤ እነዚያ ያለቀስሽባቸው ፎቶዎች የእውነት የልጅሽ ነበሩ።

እዚህ ላይ ነግሬሽ የማላውቀውን ነገር ልንገርሽ። በርናባስን ታውቂዋለሽ፤ ኳየር ውስጥ ከኋላዬ የሚቆመው። ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆርጦ ነበር። ሥራው ወደ ዲላ ሲያዛውረው «የእህትሽን ልጅ ለዘመድ ስጪና እንሂድ» አለኝ። ለየትኛው ዘመድ? አባቷ እንደሆነ ገና በሆድሽ ሳለች ወደ ሞያሌ እንደወጣ ነው። እናታችን አፈር ከለበሰች ስንት ጊዜዋ። «እናቷ ሁለት ዓመት ብላ ነው የሄደችው፤ እስከዚያ ጠብቀኝ» አልኩት። ጠበቀኝ፤ ሐሰት አልናገርበትም። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ አንቺ ደወልሽና ኮንትራቱን አራዘምኩ አልሽ፤ መጽሐፉ መጣ። በርናባስ በዚያው ዓመት በትንሣኤ ማግስት አገባ። ሙሽራዪቱ የሐዋሳ ልጅ ስለሆነች የሚዜዎቹን ቀሚስ የሰፋነው እኛ ሱቅ ነው። የአምስቱንም ጠርዝ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሲያልቅ ጥሩ አድርገሽ ሰፋሽ አሉኝ። አንቺ በዚያ ሳምንት ደውለሽ ድምፅሽ ለምን ዘጋ ብለሽኝ ነበር፤ ጉንፋን ነው አልኩሽ።

ሁለተኛው መጽሐፍ አምና ጥቅምት ላይ በሰው እጅ ደረሰን። ከፊተኛው ይወፍራል፤ ጀግናው ግን ያው ነው። አዲስ አልነበረም። ጥጎቹ ተጣጥፈዋል፤ ከግማሽ በላዩ ተቀብቷል። የማዳምሽ ልጅ ትታው አንቺ እንዳነሳሽው ገባኝ። በዚህ አልተቀየምኩሽም። ሄራንም አልከፋትም፤ እንዲያውም «የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ» ብላ መሬት ላይ ተንበርክካ ከለሯን ደረደረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየተኮስኩ ነበር።

ያኔ አንደኛ ክፍል ገብታለች። የምታነብበው ጠፍቷት የባጃጅ ጀርባ፣ የሱቅ ስም፣ የሳሙና ካርቶን ሳይቀር የምትቆጥርበት ጊዜ ነበር። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጣ፣ በልብስ ጠመኔ ስሚንቶው ላይ እየጻፍኩላት ነው የተማረችው። ገጹን ስትገልጥ ስትገልጥ ቆየችና ቆመች። ቀና ስል ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አድርጋለች።

«አክስቴ፣ ይሄ የእማ ጽሕፈት ነው» አለችኝ።

ጽሕፈትሽን ታውቀዋለች። በየዕቃው ላይ «ለልጄ ለሄራን» ብለሽ የምትለጥፊውን ወረቀት አንድም ሳትጥል በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጣለች፤ የ‹ል›ን ክንድ ሰበር የምታደርጊውን እንኳ ትለያለች። መተኮሻዬን አቁሜ ሄድኩ። ጋሼ ሮኬት ጨረቃ ላይ ቆሞ ባንዲራ ሲተክል የሚያሳይ ገጽ ነው። ካባው ሰማያዊ፣ ጫማው ብርቱካናማ፣ ከመስመር ያልወጣ፣ ያማረ። ከሥሩ በእስክሪብቶ፣ በእጅሽ፣ «ጎበዝ የኔ ልጅ! እጅሽ ይባረክ» ተብሏል። ከዚያም በታች ሌላ ሕፃን በተጣመመ ጽሕፈት ቃሉን ገልብጣዋለች፤ ‹ጎ› ተገልብጣለች፣ ‹ዝ› እግር በዝቶባታል።

ሄራን በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ «እኔ ግን ይሄን አልቀባሁትም» አለችኝ። ቀጥላ «የኔ ልጅ ያለችው ማንን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እህቴ፣ ልዋሻት እችል ነበር። ላንቺ ነው፣ እንድትበረቺ ቀድማ የጻፈችልሽ ነው ብላት ሰባት ያልሞላት ልጅ ታምነኛለች። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። «የምታሳድጋትን ልጅ ይሆናላ» አልኳት። እውነት መናገር ጽድቅ ነው ይባላል። እኔ ግን የዚያን ቀን እውነት የተናገርኩት ለጽድቅ ብዬ አልነበረም። የነገርኩሽን አንብበሽ ስትጨርሺ ለምን እንደነበር ራስሽ ትደርሺበታለሽ።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቀጣዩን ገጽ ገለጠች፤ ያቺ ልጅ ጀምራ ያልጨረሰችው ነው፣ ልብሱ ሁሉ ተቀብቶ ፊቱ ብቻ ነጭ ቀርቷል። ሄራን ቡናማውን አነሳችና ፊቱን ብቻ ቀባችው። እንደዚያ ተጠንቅቃ ስትቀባ አይቻት አላውቅም፤ ትንፋሿን ይዛ ነበር። ሲያልቅ ገጹን ከስፌቱ ቀስ ብላ አላቀቀችና ሰጠችኝ። «ይሄን ላኪላት። የጀመረችውን ጨርሼላታለሁ በያት» አለችኝ። ከለሮቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶናቸው መለሰች፤ እጇን ታጠበች። ገጹን ያኔ አልላክሁትም። አሁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ፤ ለጀመረችው ልጅ ስጪልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ መስመር አልቀባችም። መምህሯ አስጠርታኝ፣ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ሲሆን የሌሎቹን ልጆች እርሳስ ስትቀርጽ ነው የምትውለው ብላኛለች።

እንግዲህ የኔ ኃጢአት የሚጀምረው እዚህ ነው። በሳምንቱ ደወልሽና «መጽሐፉ ደረሰ? ሥዕሌስ የታል?» አልሽ። እልክልሻለሁ አልኩሽ። በማግስቱ መጽሐፉን በፌስታል ይዤ እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር ወዳለው የስፌት ሱቃችን ሄድኩ። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲወጡ፣ ጨርቅ የምንቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንዱን ገጽ በግራ እጄ ቀባሁት፤ የልጅ እንዲመስል። ሆን ብዬ ከመስመር አወጣሁ። አንዷን ፕላኔት ቀይ አደረግሁ። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁልሽ። አንቺም በድምፅ መለስሽልኝ፤ «ውይ ልጄ! እጇ እንዴት ጠነከረ! ጎበዝ፣ ጎበዝ የኔ ቆንጆ!» እያልሽ፣ መሐል ላይ ሳግ ይዞሽ።

ያንን ድምፅ ስንት ጊዜ እንዳዳመጥኩት ብነግርሽ ታዝኚብኛለሽ። እናታችን ስትሞት አሥር ዓመቴ ነበር፤ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። አብልተሽኛል፣ አልብሰሽኛል፣ ስፌት አስተምረሽኛል፤ አልክድም። ነገር ግን በእጄ የሰፋሁትን የመጀመሪያ ጉርድ ይዤልሽ ስመጣ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? ገልብጠሽ አይተሽ «ጠርዙ ተጣሟል» አልሽኝ። ሠላሳ ሊሞላኝ ሲል ከአፍሽ ‹ጎበዝ› የሚለውን የሰማሁት በልጅሽ ስም፣ በግራ እጄ ነው።

ለዚህ ነው ያላቆምኩት። አንቺን እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ይሄ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ቀባሁ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አሞገስሽኝ። አንዱን ለማዳምሽ እንዳሳየሽም ነግረሽኛል፤ ልጅሽ ባለ ተሰጥኦ ናት አለችኝ ብለሽ ኮራሽ። እኔ ጠረጴዛው ጋ ቆሜ ሳቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ አፈርኩ።

ኅዳር ላይ የመምህራን ስብሰባ ነው ተብሎ ልጆቹን በጊዜ ለቀቋቸው። እኔ አላወቅሁም። ሄራን ብቻዋን በእግሯ ሱቅ መጣች፤ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነበርና መቼ እንደገባች አልሰማሁም። ቀና ስል አጠገቤ ቆማለች። ቢጫው ከለር በግራ እጄ ነው።

«ለምን በግራ እጅሽ?» አለችኝ። ስልኬን አየች፣ ገጹን አየች። «እኔ ነኝ ብለሽ ነው የምትልኪላት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ምን ልበላት። «ደስ ይላታል?» አለችኝ። በጣም ደስ ይላታል አልኳት። «እሺ» አለች። ልትሄድ ዞር ብላ እንደገና ተመለሰችና «እኔ ግን የጋሼ ሮኬትን ፊት ቢጫ አልቀባውም። ብታውቀኝ ኖሮ ትነቃ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ ከወለሉ ላይ እንደ ሁልጊዜዋ የክር ቁርጥራጭ ትለቅም ጀመር።

ከዚያ በኋላ ከለር አልነካሁም። ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሱ ይህ ነው። ከለሩ አላለቀም፤ ካርቶኑ ሙሉ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ። ሰኞ ዕለት ከደወልሽ በኋላ ከትምህርት ቤት ልወስዳት ሄድኩ። በአስፋልቱ ዳር ስንመለስ «እናትሽ ልትመጣ ነው፤ ከእንግዲህ አትሄድም» አልኳት። ትዘልላለች ብዬ ነበር። ስትዘል ለማየት አንጀቴን አስሬ ነበር የሄድኩት። እሷ ግን እጄን እንደያዘች መንገዷን ቀጠለች። የኢብራሂም ሱቅ ስንደርስ ቆመችና «ያቺ ልጅስ ማን ጋ ትቀራለች?» አለችኝ።

«እናት አላት እኮ» አልኳት።

«እኔም እናት አለችኝ እኮ» አለችኝ።

እዚያው ሱቅ በር ላይ ጫማዬ ጠጠር እንደገባበት ሰው ጎንበስ ብዬ ቆየሁ።

እህቴ፣ መልቀቂያዋን አላወጣሁም። አላወጣምም። ሰው ልኬ አስወስዳታለሁ ያልሽውን ተዪው፤ ዕቃ አይደለችም፣ በሰው እጅ አትላክም። ራስሽ ነይ። አዲስ አበባ ሳይሆን እዚህ፣ ሐዋሳ ነይ። አልጋዬን እለቅልሻለሁ። አንድ ዓመት እዚህ ተቀመጪ። ጠዋት ትምህርት ቤት አድርሻት፣ ከሰዓት ውሰጃት። ነጎድጓድ እንደምትፈራ፣ ሽንኩርት ከወጥ ውስጥ ለቅማ እንደምታወጣ፣ ጸጉሯን ስትሠራ ዘፈን ካልሰማች እንደማትቀመጥ እወቂ። ከዚያ በኋላ ካንቺ ጋ ልሂድ ካለችሽ ሻንጣዋን ራሴ እሸክማለሁ። ክፉ ናት ትይኝ ይሆናል። በይኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ያደገብኝ ክፋት ነው፤ ለብቻዬም አልዘራሁትም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ግን አትጻፊልኝ። ያቺ የማዳምሽ ልጅ አንቺን ምን ብላ ነው የምትጠራሽ? ስትወድቅ ወደ ማን ነው የምትሮጠው? ያንን ‹ጎበዝ የኔ ልጅ› ስትጽፊላት በልብሽ የነበረችው ማን ናት፣ እሷ ናት ወይስ ሄራን? መጀመሪያ ስቆጣሽ እሷ ናት ብዬ ነበር። አሁን አሁን አላውቅም። የሰው ልጅ በየቀኑ ስታጥቢ፣ ስታበጥሪ፣ ስታስተኚ እጅ የማንን ልጅ እንደያዘ ይረሳል። ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል።

እኔን ሄራን በስልክ ፊትሽ አክስቴ ትለኛለች። ማንም አላስጠናትም፤ ከራሷ ነው፣ ላንቺ ተጠንቅቃ። ስልኩ ሲዘጋ የምትጠራኝን ግን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ነው። እንዳትለው መከልከል ነበረብኝ፤ አልከለከልኳትም። ሚያዝያ ላይ መጥተሽ በሩን ስታንኳኪ የምትከፍትልሽ እሷ ናት። ከፍታ፣ ቆማ አይታሽ፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ዞራ ማን እንደመጣ ልትነግረኝ ትጠራኛለች። ያን ጊዜ ትሰሚዋለሽ። እሷን እንዳትቆጪያት። ምንም ቃል ካለሽ፣ ወደ ጓዳ ግቢና ለኔ ተናገሪው።

መንገድሽን ጌታ ያቅናልሽ። የደከምሽበትን አያስቀርብሽ፤ እኔንም ካደረግኩት ነገር ጋር ከፊትሽ አያጥፋኝ። በሰላም አገርሽ ግቢ።

ታናሽሽ